ጥቅሱን ማን ነው የተናገረው?

“ገንዘቤን የሰረቀ እዚህ ግባ የማይባል ነገር ነው የወሰደው፤ መልካም ስሜን የሰረቀኝ ግን እሱን ሀብታም አያደርገውም፣ እኔን ግን በእውነት ያደኸየኛል።” ይህ አባባል በፌስቡክም በቴሌግራምም ከሼክስፒር ምስል ጋር ይዞራል። ሰው ይወደዋል፣ እኔም እወደዋለሁ። ከመልካም ሽቱ መልካም ስም ይሻላል እየተባለ ላደገ ሰው ቶሎ ልብ ውስጥ ይገባል። ችግሩ ከሥሩ የሚጻፈው ስም ነው። ሼክስፒር ጻፈው እንጂ እሱ አልተናገረውም። ተናጋሪው ኢያጎ ነው።

ኢያጎ ማለት “ኦቴሎ” በሚባለው የሼክስፒር ቲያትር ውስጥ አለቃውን ኦቴሎን በቅናት አሳብዶ ንጹሕ ሚስቱን ዴዝዴሞናን በገዛ እጁ እንዲገድላት ያደረገ ሰው ነው። ይህን ያማረ ንግግር የሚናገረውም የዴዝዴሞናን ስም እያጠፋ ባለበት ሰዓት፣ ለገዛ ባሏ ነው። ቀደም ብሎ ደግሞ ካሲዮ የሚባለው መኮንን ሰክሮ ተደባድቦ ከሹመቱ ሲነሳና “ስሜ ጠፋ! ስሜ ጠፋ!” እያለ ሲያለቃቅስ፣ ኢያጎ ምን እንዳለው ታውቃላችሁ? ስም ከንቱ ነገር ነው አለው፤ ብዙ ጊዜ ሳይገባህ የምታገኘው፣ ሳታጠፋም የምታጣው። አንድ ሰው ስለ አንድ ጉዳይ ሁለት የማይገናኝ ነገር ተናገረ። ለሁለቱም የነገራቸው እውነቱን ሳይሆን ለራሱ ዕቅድ የሚመቸውን ነው።

የድሮዎቹ ቲያትሮች ጥበብ እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ተመልካቹ ኢያጎን ቀድሞ ያውቀዋል። መድረኩ ላይ ብቻውን ሲቀር ተንኮሉን ለእኛ ዘርዝሮልናል። ስለዚህ ስለ መልካም ስም ሲናገር ቃሉ እየጣመን፣ ሰውዬው ደግሞ እያንገሸገሸን ነው የምንሰማው። ከቲያትር ቤት ውጭ እንዲህ ያለ ዕድል የለንም፤ ሰው በሆዱ የያዘውን ቀድሞ የሚነግረን የለም። ስብሰባ ላይ፣ ሽምግልና ላይ፣ ቴሌቪዥን ላይ ስለ እውነትና ስለ ፍቅር አሳምሮ የሚናገር ሰው ስናይ ወዲያው “እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው!” እንላለን። ጥቅሱን ከተናጋሪው ነጥለን ስናሰራጭም ቲያትሩ ተጠንቀቁ ያለንን ስህተት እኛው እንደግመዋለን። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን “ኦቴሎ”ን፣ “ሐምሌት”ንና “ማክቤዝ”ን በአማርኛ ሰጥተውናል፤ ማን ምን እንዳለ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

“ሐምሌት” ውስጥም ያው ነው። “ከሁሉም በላይ ለራስህ እውነተኛ ሁን” የሚለው ዝነኛ ምክር የንጉሡ አማካሪ የፖሎኒየስ ነው። ልጁ ላየርቲስ ወደ ፈረንሳይ ሲሄድ ነው የሚመክረው፤ አትበደር፣ አታበድር፣ ብዙ ስማ፣ ጥቂት ተናገር። ለምክሩ እንከን አይወጣለትም። ቆየት ብሎ ይኸው አባት ሬይናልዶ የሚባል አገልጋዩን ለልጁ ገንዘብ አስይዞ ፓሪስ ይልከዋል፤ እግረ መንገዱን እንዲሰልለውም ያዘዋል። እንዴት? በሚያውቁት ሰዎች ፊት ቁማርተኛ ነው፣ ጠጪ ነው፣ ተደባዳቢ ነው እያልክ አማው፣ በውሸቱ እውነቱን ታወጣለህ ይለዋል። የገዛ ልጁን ስም! ፖሎኒየስ የሚሞተውም ንግሥቲቱ ክፍል ውስጥ ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቆ ወሬ ሲያዳምጥ ነው።

“ንጉሥ ሊር” ላይ ነገሩ ይከፋል። ሽማግሌው ንጉሥ ግዛቱን ለሦስት ሴት ልጆቹ ሊያካፍል ፈልጎ፣ ከማንኛችሁም አብልጣ የምትወደኝ ማን ናት ብሎ ይጠይቃል። ትልቋ ጎነሪል ከዓይኔ ብርሃን አብልጬ እወድሃለሁ ትላለች። ትንሿ ኮርዴሊያ የምለው የለኝም ብላ ትባረራለች። በኋላ ለሊር ያዘነው ሽማግሌው ግሎስተር ተይዞ ምን ይደረግ ሲባል “ዓይኑን አውጡት” የምትለው ያቺው ጎነሪል ናት።

ይህን ግፍ ለማስቆም የሚነሳው ሰው ስም እንኳ የለውም። የኮርንዎሉ መስፍን አንዱን ዓይን አውጥቶ ወደ ሁለተኛው ሲሄድ ከገዛ አገልጋዮቹ አንዱ “ጌታዬ፣ እጅዎን ይሰብስቡ” ይለዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ አገልግዬዎታለሁ፤ አሁን ይተዉ ከማለቴ የበለጠ አገልግሎት ግን ሰጥቼዎት አላውቅም። ሰይፍ ይማዘዛሉ። መስፍኑን ለሞት የሚያበቃ ቁስል ያቆስለዋል፣ የመስፍኑ ሚስት ሬጋን ደግሞ ከኋላ ወግታ ትገድለዋለች። ይኸው ነው፤ የሚናገረው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1608 በታተመው ቅጂ ላይ ሌሎች ሁለት አገልጋዮችም አሉ፤ ለግሎስተር ደም ለጨቀየ ፊት ማስታገሻ የሚሆን የተልባ ቃጫና የእንቁላል ነጭ ሊያመጡለት ይወጣሉ። በ1623ቱ ቅጂ ይህ የለም። እንግሊዛዊው አዘጋጅ ፒተር ብሩክም በ1962 ቲያትሩን ሲያዘጋጅ ይህችን ቁራጭ አውጥቷታል። ትልቅ አዘጋጅ ነው፤ እዚህ ላይ ግን አልስማማም። ያቺ የእንቁላል ነጭ ስትቀር ተመልካቹ ጭካኔውን ብቻ ይዞ ይወጣል፣ ሼክስፒር ግን ሁለቱንም ጎን ለጎን ነበር ያስቀመጠው።

መልካም የተናገረ ሁሉ አስመሳይ ነው ማለቴ አይደለም። እኔ የምጠይቀው ቃሉ ተናጋሪውን ምን አስከፈለው ብዬ ነው። ኢያጎን ምንም አላስከፈለውም፣ እንዲያውም አተረፈበት። ጎነሪል በሁለት ዓረፍተ ነገር መሬት ወረሰች። ያ አገልጋይ ግን ሕይወቱን ከፈለ።

የኢያጎ ሚስት ኤሚሊያም እንዲሁ። ኤሚሊያ ጻድቅ አይደለችም። የዴዝዴሞናን የጠፋ መሀረብ አንስታ ለባሏ የሰጠችው እሷ ናት፤ ዴዝዴሞና የት ጣልኩት ብላ ስትጨነቅ “አላውቅም” ብላ ዋሽታለች። ኢያጎ የክህደት ማስረጃ ያደረገው ያ መሀረብ ነው ዴዝዴሞናን ያስገደላት። መጨረሻ ላይ ግን እመቤቷ ሞታ፣ ባሏ ዝም በይ፣ ወደ ቤት ሂጂ እያለ ሲያስፈራራት እንዲህ ትላለች፦ “ልታዘዘው ይገባኛል፣ አሁን ግን አይሆንም። ምናልባት፣ ኢያጎ፣ ወደ ቤት ጨርሶ አልመለስም።” ከዚያ ሁሉንም ዘርግፋ አወጣችው፣ እሱም ወግቶ ገደላት።

ገጽ ያላችሁ፣ ክፍል ውስጥ ሥነ ጽሑፍ የምታስተምሩ፣ የስሙን ጥቅስ ስትለጥፉ ከሥሩ “ሼክስፒር” ብላችሁ አትተዉት። “ኢያጎ ለኦቴሎ” ብላችሁ ጻፉበት። የኤሚሊያን ደግሞ እስካሁን የለጠፈ አላየሁም፤ እሱንም ለጥፉልን።