ይድረስ ለክቡር «አምስት ደቂቃ»፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ በልደት ጉዟችን ላይ ስላደረሱብን በደል አቤቱታ ስለማቅረብ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እርስዎ እስኪያልቁ ከመጠበቅ በስተቀር ደህና ነኝ።

ክቡርነትዎ በወረቀት ላይ ሲታዩ ትንሽ ነዎት። 300 ሰከንድ ብቻ። አንዷ ሰከንድም እንዲሁ በዘፈቀደ የተሰፈረች አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ልኳ የሲዚየም አቶም ጨረር 9,192,631,770 ጊዜ የሚነዝርበት ጊዜ ነው። ሰዎቹ አንዲት ንዝረት እንዳታመልጣቸው እንዲህ ተጨንቀዋል። እርስዎ ግን ከጓደኛዬ አፍ ሲወጡ ሃምሳ ደቂቃ ሆነው ይወጣሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ ጓደኛችን 30 ዓመት ሊሞላው ነው። ልደቱ ቅዳሜ ይውላል። አምስት ሆነን፣ በአንድ መኪና፣ 300 ኪሎ ሜትር ነድተን ሐይቅ ዳር ልናከብርለት ተስማማን። ዕቅዱ ያምራል። ቀን 6 ሰዓት እንነሳለን፣ 11 ሰዓት ሳይሞላ እንደርሳለን፣ ጀምበር ስትጠልቅ ሻማ እናበራለን። ሁሉም በስልኩ አውራ ጣት ልኮ አጸደቀ። (ያቺ አውራ ጣት ለብቻዋ ደብዳቤ ይገባታል። ሌላ ጊዜ።)

6 ሰዓት ላይ ሹፌራችን፣ ባለልደቱና እኔ የአራተኛው ጓደኛችን በር ላይ ቆመናል። ደወልን። «ጨርሻለሁ፣ አምስት ደቂቃ» አለ። ከጀርባው ውሃ ይንፎለፎላል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደወልን። «አምስት ደቂቃ» አለ። ውሃው ቆሟል፣ የፀጉር ማድረቂያው ተነስቷል። ከአርባ ደቂቃ በኋላም እርስዎ ያው ነዎት፤ አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። የሚገርመኝ ይሄ ነው። ገንዘብ ሲመነዘር ያልቃል፣ እርስዎ ግን ሲመነዘሩ ውለው ሳይነኩ ያድራሉ።

ፀሐይ አናታችን ላይ ቆማ ታየናለች። ብርሃኗ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ እኛ ዘንድ የሚደርሰው በ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ነው። ጓደኛዬ ከበሩ እስከ መኪናው 30 እርምጃ ነበረው።

አምስተኛዋ ጓደኛችንስ? እሷ ሰዓት አክባሪ ናት። ተዘጋጅታ ጠበቀችን፤ ለአንድ አዳር ሦስት ሻንጣ ይዛ። ሻንጣው አልገባ አለ። ሁሉን አውርደን እንደገና ደረደርን። ኬኩ ቦታ አጣና ጭኔ ላይ ተቀመጠ። 8 ሰዓት ላይ ተነሳን።

ተነሳን ስል፣ ነዳጅ ማደያ ድረስ ማለቴ ነው። ማታውኑ መሞላት የነበረበት ነዳጅ። «አምስት ደቂቃ ብቻ» አለ ሹፌራችን። እሱ እየቀዳ አንዱ መጸዳጃ ቤት ሄደ፣ አንዷ ውሃ ልትገዛ ወረደች፣ ባለልደቱ ስልክ ሊያወራ ራቅ አለ። የመጨረሻው ሲመለስ የመጀመሪያው እንደገና መጸዳጃ ቤት አማረው። አምስት ሰው አምስት ደቂቃ ሲቆም ሂሳቡ መደመር አይደለም፤ ማባዛት ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ አለፈ።

የስልኩ ካርታ መንገዱ 3 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይፈጃል ይላል። አልፈርድበትም። ሌሎች ስልኮች በምን ያህል ፍጥነት እየተጓዙ እንደሆነ አይቶ የመንገዱን መጨናነቅ ይገምታል። ግን መንገዱን ያውቃል እንጂ የጓደኛዬን ፊኛ አያውቅም። (ፊኛ ስል የልደቱን ማለቴ አይደለም። እሱማ የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነው፤ ሙቀት መትቶት ሁለቱ ፈንድተው አስደንብረውናል።)

ከዚያ ሹፌራችን «ግድ የለም፣ እናካክሰዋለን» አለና ነዳጁን ረገጠ። እንግዲህ ቁጭ ብለን እናስላው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የነበረ ሰው 120 ቢያደርገው፣ በ300 ኪሎ ሜትር ላይ የሚያተርፈው ግማሽ ሰዓት ነው። ለዚያውም ሳይቆም፣ መንገዱ ሁሉ ለእሱ ብቻ ተጠርጎ ቢጠብቀው። የእኛ ዕዳ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። መኪናውን ከፊት የሚገፋው የአየሩ ግፊት ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ ፍጥነቱ በ20 በመቶ ሲያድግ እሱ በ44 በመቶ ያድጋል። ለማቆም የሚያስፈልገው የፍሬን ርቀትም እንደዚያው። እኔ ጋቢና ተቀምጬ፣ ኬክ ታቅፌ፣ የሌለ ፍሬን ስረግጥ ዋልኩ። ነዳጁም ቶሎ አለቀ። ስለዚህ እንደገና ቆምን። ስንት ደቂቃ እንደተባለ ክቡርነትዎ ያውቁታል።

መሀል ላይ አምስተኛዋ ጓደኛችን ፊቷ ተለወጠ። ከኋላ ተቀምጣ አንገቷን ደፍታ በስልኳ ሙዚቃ ስትመርጥ ነበር። የውስጥ ጆሮዋ «እየሄድን ነው» ይላል፣ ዓይኗ ስልኩ ላይ ተተክሎ «የትም አልሄድንም» ይላል። አንጎል በሁለቱ ክርክር መሀል ሲገባ ዳፋው ለሆድ ይተርፋል። «አቁሙልኝ፣ አምስት ደቂቃ» አለች። ይቺኛዋን ይቅር ብያለሁ። ወርዳ ርቀት እያየች ተነፈሰች፣ ተሻላት። በእውነት የተጠራችሁባት ብቸኛዋ ጊዜ እሷ ነበረች... ይቅርታ፣ የተጠሩባት። ድካም ነው፤ ማዕረግዎን መዘንጋቴ አይደለም።

ወንጀሉን ሁሉ በእርስዎ ላይ አልደፈድፍም። እ.ኤ.አ. በ1979 ዳንኤል ካነማንና ኤሞስ ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ሰው የራሱን ሥራ ሲገምት ሁሉ ነገር የሚሳካበትን መንገድ ብቻ እያየ ጊዜውን እንደሚያሳንስ ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ጥናት ደግሞ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በስንት ቀን ትጨርሳላችሁ ብሎ ጠየቀ። አማካይ ግምታቸው 34 ቀን ገደማ ነበር። ሁሉ ነገር ቢበላሽስ? 49 ገደማ አሉ። የፈጀባቸው ከ55 ቀን በላይ ነው። የሲድኒ ኦፔራ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1963 ያልቃል ተብሎ በ1973 ነው የተከፈተው። ይህን ለአራተኛው ጓደኛችን ነገርኩት። «ታዲያ እኔ ከኦፔራ ቤት እበልጣለሁ?» አለኝ። መናገሬ ጥፋት ነበር።

ጀምበሯ መንገድ ላይ ጠለቀች። ሐይቁ ጋ የደረስነው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። «መልካም ልደት» የሚለው የኬኩ ጽሑፍ ተንሸራቶ «መልካም» ብቻ ቀርቷል። ሌላው ሱሪዬ ላይ ነው።

አሁን የምጽፈውን ብዘለው ደስ ይለኝ ነበር። ክፍል ገባን። ሌሎቹ ሻወር እስኪወስዱ «ጎኔን አምስት ደቂቃ ላሳርፍ» አልኩ። አዎ፣ እኔ። ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ። ባለልደቱ ሊቀሰቅሰኝ ገብቶ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ሹፌራችንማ መኪናው ውስጥ ቀርቷል። ስነቃ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ሆኗል።

እየተንደረደርን ሁሉንም ሰበሰብን። ኬኩን ጠረጴዛ ላይ አደረግን፣ ሻማውን ሰካን። 5 ሰዓት ከ57። ልደቱ ሊያልፍ ሦስት ደቂቃ ይቀረዋል፤ ይበቃል። ላይተር የለም። «መኪና ውስጥ ነው» አለ አራተኛው ጓደኛችን ጫማውን እየፈለገ፣ «አምስት ደቂቃ!»

ክቡርነትዎ፣ ያን ዕለት ቃልዎን ያከበሩት ያኔ ብቻ ነው። ልክ 6 ሰዓት ከ2 ሲል በሩ ተከፈተ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለታላቅ ወንድምዎ ለ«መንገድ ላይ ነኝ»፣ አልጋው ድረስ