አምስት ሰከንድ ለአንድ ስም!

ኧረ በናታችሁ! ፍጥነት ስለካ ኢንተርኔቱ ይበራል። ቪዲዮ አንዴ ከጀመረ አይቆምም። አዲስ ድረ ገጽ ስከፍት ግን ብሮውዘሩ ድርቅ ይላል። ከዚያ ገጹ በአንድ ጊዜ ዱብ!

ሁለት ቀን ሙሉ ያልሞከርኩት የለም። ካሽ አጸዳሁ፣ ኤክስቴንሽኖቹን አጠፋሁ፣ ብሮውዘር ቀየርኩ። ምስኪኑን ላፕቶፕ ስንት ጊዜ ሬስታርት እንዳደረግኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ወይ ፍንክች!

በመጨረሻ ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ። ሁልጊዜ 5 ሰከንድ። አራትም ስድስትም አይደለም። ያኔ ነቃሁ። ላፕቶፔ የሚሠራበት ሊኑክስ፣ ዲኤንኤስ ሰርቨርን (የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረውን ኮምፒውተር) ጠይቆ መልስ ካጣ፣ ወደ ቀጣዩ ከማለፉ በፊት በተለምዶ የሚጠብቀው 5 ሰከንድ ነው። ለካ ራውተሬ የሚሰጠኝ የሁለት ዲኤንኤስ ሰርቨር አድራሻ ነው፤ የመጀመሪያው የሞተ! ላፕቶፑ ለእያንዳንዱ አዲስ ስም መጀመሪያ ሰው የሌለበትን ቤት ያንኳኳል። አንድ ገጽ ደግሞ ምስሉን ከአንዱ ስም፣ ማስታወቂያውን ከሌላው ነው የሚያመጣው። አስቡት እንግዲህ።

የሞተውን አድራሻ አውጥቼ 1.1.1.1 አስገባሁ፤ ይሄ ለማንም ክፍት የሆነ ዲኤንኤስ ሰርቨር ነው። አለቀ። አንድ ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። ሁለት ቀኔን ማን ይመልስልኛል? ብሮውዘሩስ «ስሙን የሚነግረኝ አጣሁ» ቢለኝ ምን ነበረበት?