አሶሳ ለመሄድ ቦሌ ምን አደርጋለሁ?

ኧረ በሕግ አምላክ! አሁን ከትኬት ቢሮው መውጣቴ ነው፤ ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው።

እህቴ አሶሳ ወልዳለች፣ ሰምታችኋል። እማዬ ከዳንግላ የአራስ ቅቤዋን ይዛ መጥታ ባሕር ዳር እኔ ጋ ናት። ዛሬ አብራኝ ሄደች። ቅቤውን ለማንም አደራ ብላ ቤት አትተወውም፤ ባልዲውን በነጠላ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

«ቀጥታ አሶሳ የሚሄድ አለ?» አልኩት ትኬት ቆራጩን ልጅ። «በአዲስ አበባ ነው» አለኝ ቀና እንኳን ሳይል። ስልኬን አወጣሁና ርቀቱን አሳየሁት። ከባሕር ዳር አሶሳ በአየር 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እሱ የሚሸጥልኝ መንገድ መጀመሪያ 330 ያህል ወደ ቦሌ ይወስደኛል፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሌላ 480 ገደማ። ከ800 በላይ እኮ ነው! ያ ባለ ሁለት ሞተሩ ኪው 400 አውሮፕላን በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። መነሻና ማረፊያውን ጨምራችሁ አስሉት፣ ቀጥታ ቢሆን አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በቦሌ ግን ሁለት በረራ፣ መሃል ላይ ጥበቃ፣ ሰዓቱ ካልገጠመ አዳር። የእኛ አልገጠመም። አዳር ነው!

ልጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ብራዘር፣ ስልክህ የሚያበርህ ከሆነ እኛን ምን አስፈለገህ?» ጎኑ ያለችው ልጅ ሳቀች። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። እማዬ አልገባትም፣ ሰው ሲስቅ አይታ እሷም ፈገግ አለች። እሱ ነው ያንገበገበኝ። ጭራሽ «ማዘር፣ ባልዲው አይገባም» አላት! ማዘር? እናቴ ሽማግሌ ተነስቶ የሚያስቀምጣት ሴት ናት።

ደግሞ አንዱ «በመኪና አትሄዱም?» ይለኛል። በየት በኩል ወንድሜ? ዓባይ መሃል ላይ ተኝቷል። በቡሬ ነቀምቴ ወርደህ፣ በረሃውን አቋርጠህ፣ ወጥተህ፣ እንደገና ወደ ምዕራብ። በዚህ ጊዜ ደግሞ እናቱን በዚያ መንገድ አውቶቡስ ላይ የሚያሳፍር ማነው? ባለፈው ከአዲስ አበባ ስመለስ እንኳን ጎሃ ጽዮንን አልፈን ቁልቁለቱ ላይ አንድ ተሳቢ ተበላሽቶ መንገዱን ዘጋው፣ በረሃው ውስጥ ፀሐይ ሲጠብሰን ዋልን። ረዳቱ ውሃ እንኳን የት እንደሚገኝ ሲጠየቅ ይቆጣል። ትርፍ ሲያስከፍል ግን አንደበቱ ማር ነው።

መስመሩ ሁሉ ቦሌ ላይ የተቋጠረው ተሳፋሪ እዚያ ስለሚሰበሰብ ነው፣ ይገባኛል። ባዶ አውሮፕላን አይበርም፣ እሺ። ግን የሁለት አጎራባች ክልል ከተሞች ናቸው እኮ! በሳምንት አንዴ እንኳን ቢሆን? ነጋዴ አለ፣ ሠራተኛ አለ፣ ተማሪ አለ፣ የወለደች ልጇን የምታይ እናት አለች። ይሄ ሁሉ ሰው ለ350 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ አልጋ ይከራይ? አልጋውን የሚከፍለው ማነው?

ትኬቱን ቆርጫለሁ፣ ምን ላድርግ። አራስ አትጠብቅም። ሐሙስ እንሄዳለን። ቦሌ አካባቢ ለአንድ ሌሊት እማዬን የሚያሳድርልኝ ዘመድ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስለ ባልዲው ደግሞ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ እማዬ ያለ ቅቤው አልሄድም ብላለች።