ለኮንትሮል ኤስ ጀግኖች

አራት ኪሎ አካባቢ ያሉ የፎቶ ቤት ልጆችን ሳላደንቅ ባልፍ ነውር ነው። ድፍረት ብሎ ዝም! በሩ ላይ በቀይ «ፎቶ ኮፒ» ብሎ የለጠፈ ቤት ውስጥ ኮፒ የማይደረግ ነገር ቢኖር የተከፈተው ፋይል ብቻ ነው።

ፎቶሾፕ ለፈሪ ሰው ያስቀመጣት ነገር አለች፣ ኢሜጅ የሚለው ሜኑ ገብተህ ዱፕሊኬት ስትል ያው ፎቶ ስሙ ላይ ኮፒ የምትል ቃል ጨምሮ በሌላ ታብ ቁጭ ይልልሃል፣ እሱን ብትቀድ ብትሰፋ ዋናው አይነካም (ሴቭ እስክታረገው ሚሞሪ ላይ ብቻ ስለሆነ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፣ ይሄን ለአዲስ አበባ ሰው ምን አስነገረኝ)። ጂምፕ የሚባለው ሌላኛው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይማ ኮንትሮል ዲ ናት፣ አለቀ። ግን ጀግና ለዚች ብሎ ጣቱን ያደክማል እንዴ?

ባለፈው ጉርድ ፎቶ ልነሳ በቲሸርት ገባሁ። «አታስብ ብሮ፣ ኮት እናለብስሃለን» አለኝ። ዴስክቶፑ ላይ «ኮት» የምትባል አንዲት ጄፔግ አለች፣ ሰማያዊ ክራባት ያላት፣ የሰፈሩ ወንድ በሙሉ ተራ በተራ የሚለብሳት። ከፈታት፣ ጭንቅላቴን ቆርጦ ለጠፈባት፣ መርጅ ብሎ አንድ ላይ አጣበቀን፣ ኮንትሮል ኤስ ብሎ እዛችው ፋይል ላይ ሴቭ። ኮቷ እኔን እንደያዘች ቀረች። ለካ ከኔ በፊት የለበሳትንም እንደያዘች ናት፣ የታተመውን ጠጋ ብዬ ሳየው ከግራ ጆሮዬ ኋላ ሌላ ጆሮ ብቅ ብሏል፣ የማላውቀው ሰው ጆሮ፣ ከኔ ይሻላል እንዲያውም። ክራባቷማ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ሆናለች፣ ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል እየከፋፈለ ስለሚያጭቀው እየነካኩ ሴቭ ባደረጉት ቁጥር ጥራቱ ይወርዳላ። በአንድ ኮት ስንት ሰው! እድር እንኳን እንዲህ አያቀራርብም።

«ዱፕሊኬት ብታረጋትስ?» አልኩት ፈራ ተባ እያልኩ።

«ኮንትሮል ዜድ አለ እኮ ብሮ።» እውነቱን ነው፣ የሠሩትን ወደ ኋላ መመለሻው ፋይሉ እስኪዘጋ ድረስ አለ፣ እሱ ግን ይሄን ሲለኝ ዘግቶት ጨርሷል።

ከኔ ቀጥሎ አንዲት እናት ለባላቸው ሙት ዓመት ባነር ሊያሠሩ ፎቶ በፍላሽ ይዘው መጡ፣ ሌላ የላቸውም። «ጎኑ ያለውን ሰው አጥፋልኝ ልጄ» አሉ። አጠፋ፣ ሴቭ፣ ዘጋ፣ ያውም እዛው ፍላሹ ላይ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን ቢያዩት «ውይ በሞትኩት፣ ያጠፋኸው እኮ ባለቤቴን ነው!»

«አይዞዎት እማማ» አላቸው፣ እጁ ቅንጣት ሳይንቀጠቀጥ። እንዲህ አይነት ልበ ሙሉነት ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥም አይገኝም።

በሳምንቱ 4 ጉርድ አስፈልጎኝ ተመለስኩ። ኮቷን ከፈተልኝ፣ ውስጧ ባለ ፂም ሰውዬ ቁጭ ብሏል፣ ጆሮዬም ከኋላው አለች።

«የኔው የለም?»

«ኦሪጅናሉ የለም ብሮ» አለኝ፣ «ግን የበቀደሙ አንድ ከተረፈህ አምጣውና ፎቶ ኮፒ እናረግልሃለን።»