መኪና ማጓጓዝ የተወደደው በናፍጣ ብቻ አይደለም

መኪናውን በተሳቢ ለማስጫን ዋጋ የጠየቀ ሰው ሁሉ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ናፍጣ ጨመረ»። ሐሰት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወርር ናፍጣ በዓለም ዙሪያ ሰማይ ነክቶ ነበር። ናፍጣው ረገብ ሲል የማጓጓዣው ሂሳብ በዚያው ፍጥነት ሲወርድ ያየ ግን ጥቂት ነው።

እኔ ጣቴን የምቀስረው ወደ መኪኖቹ ነው። ከብደዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 ገበያ ላይ የዋለችው የመጀመሪያዋ ቮልስዋገን ጎልፍ 800 ኪሎ ግራም ገደማ ነበረች፤ የዚያው ፋብሪካ ኤሌክትሪክ መኪና አይዲ 3 ከ1,700 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በባትሪ የሚሄደው ጂኤምሲ ሀመርማ ለብቻው 4 ቶን ያልፋል። መንገዱ የሚፈቅደው ክብደት ግን አብሮ አላደገም። በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች አንድ ከባድ መኪና ከነጭነቱ ሊመዝን የሚችለው 80,000 ፓውንድ፣ ማለትም 36 ቶን ገደማ ነው፤ ወሰኑ የወጣው ያቺ ጎልፍ በተሠራችበት ዘመን ነው።

እስቲ እናስላው። ጎታቹና ተሳቢው ባዶውን 18 ቶን ቢመዝን ለጭነት የሚተርፈው 18 ቶን ነው። ሁለት ሁለት ቶን የሚመዝኑ መኪኖች ከሆኑ 9 ይጭናል፤ ሁለት ቶን ተኩል ከሆኑ 7 ብቻ። የሹፌሩ ደመወዝ፣ ጎማው፣ ኢንሹራንሱ ያው ነው። ለ9 ይካፈል የነበረው ወጪ ለ7 ሲካፈል፣ ናፍጣ ሳንቲም ሳይጨምር በእያንዳንዱ መኪና ላይ ከ28 በመቶ በላይ ጭማሪ ይመጣል።

አጫጫኑን ቆሞ ያየ ደግሞ የጉልበቱን ዋጋ አይከራከርም። ሹፌሩ የላይኛውን ወለል በሃይድሮሊክ አዘንብሎ፣ አንዷን መኪና እየነዳ ጋቢናው አናት ላይ ያወጣታል፤ በሩ ከብረቱ እንዳይጫር በጠባቧ ክፍተት ሾልኮ ይወርድና ጎማዎቹን በማሰሪያ ይጠፍራል። ሞተሯ የማይነሳ ከሆነች በዊንች፣ ማለትም ገመድ እየጠቀለለ በሚስብ መሣሪያ ትጎተታለች። ለእንዲህ ዓይነቷ ተጨማሪ መጠየቁ ተገቢ ነው።

የባዶ መልሱ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። መኪና በብዛት ወደሚገባበት አካባቢ ሞልቶ የሄደ ተሳቢ የሚመልሰው ሲያጣ፣ የመልሱን ወጪ የሚሸፍነው ሲሄድ ያስጫነው ደንበኛ ነው። ቀን ሳይቆርጥ ተሳቢው በዚያ በኩል እስኪያልፍ መጠበቅ የሚችል ሰው እዚህ ላይ የመደራደር አቅም አለው። ደላሎች ይህን ያውቃሉ፤ ካልጠየቋቸው ግን አይናገሩም።

የማልቀበለው የነዳጅ ተጨማሪ ክፍያ የሚሉትን፣ አንዴ ሂሳቡ ውስጥ ከገባ የማይወጣውን ወጪ ነው። በአሜሪካ ብዙ አጓጓዦች ይህን ክፍያ መንግሥት በየሳምንቱ ከሚያወጣው የናፍጣ ዋጋ ጋር ያስሩታል። እንዲህ የታሰረ ክፍያ ሲጨምርም ሲቀንስም ይታያል። ውሉ ላይ ይህ ስሌት ካልሰፈረ፣ ተሳቢው ስንት መኪና ጭኖ እንደሚነሳም ካልተነገረ፣ ቅድሚያ ክፍያ ባይሰጥ ይመረጣል።