ኩይሳው አጠገብ መስታወት

የምሠራው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕንፃው ከውጭ ሲያዩት ያምራል፣ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ መስታወት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲል ግን ፀሐይዋ በምዕራብ በኩል ትመጣና መጋረጃ እንዘጋለን፣ መጋረጃ ስንዘጋ ይጨልማል፣ ሲጨልም መብራት እናበራለን፣ ይኼ ሁሉ ሆኖም ስለሚሞቀን ኤሲ እንከፍታለን። ውጭ እኮ ነፋሻ ነው! አዲስ አበባ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጠን ብርድ በገንዘብ እንገዛለን። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ መስኮት እንክፈት ስንል፣ ለካ መስኮት የመሰለን አብዛኛው ነገር የማይከፈት ግድግዳ ነው።

እንዲህ ባማረረኝ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የዚምባብዌ ዋና ከተማ ሐራሬ ያለው ኢስትጌት የሚባለው ሕንፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የተከፈተ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ባለ ዘጠኝ ፎቅ ብሎኮች፣ ታች ሱቅ ላይ ቢሮ። አሠሪው የኤሲው ወጪ አሳሰበው። ማሽኑም መለዋወጫውም በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው፤ ይቺ ነገር ለኛ አዲስ አይደለችም። ዚምባብዌያዊው አርክቴክት ሚክ ፒርስ አሩፕ ከሚባለው የምህንድስና ኩባንያ መሐንዲሶች ጋር ሆኖ መልሱን ፍለጋ የሄደው ወደ ኩይሳ ነው። አዎ፣ ምስጥ የሚሠራው ኩይሳ። ኩይሳው ውስጡን በአየር ፍሰት እያበረደ ሙቀቱን እኩል ይይዛል ተብሎ ይታሰብ ነበር።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሌሊት ሐራሬ ይበርዳል። ማራገቢያዎቹ ያን ቀዝቃዛ አየር በወለሎቹ ውስጥ ባለው ባዶ ቦታ እየነዱ ኮንክሪቱን ያበርዱታል፣ በሰዓት አሥር ጊዜ ያህል አየሩ ይቀየራል። ቀን ደግሞ በሰዓት ሁለቴ ያህል ብቻ፣ በዝግታ። ሌሊት የበረደው ኮንክሪት ቀን የሰዉንና የኮምፒዩተሩን ሙቀት ይመጥጣል፣ የሞቀው አየር ጣሪያው ላይ በተደረደሩት 48 ጭስ ማውጫዎች ሽቅብ ይወጣል። ፀሐይ በሚመታው ፊቱ ላይ መስኮቱ ከግድግዳው 25 በመቶ እንዳይበልጥ ተደርጓል፣ ወጣ ወጣ ያሉት የኮንክሪት ጥላዎችም ጨረሩን ይመልሱታል። ኤሲ ባለመገጠሙ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደዳነ ይነገራል፤ የኃይል ፍጆታውም ከከተማዋ መሰል ሕንፃዎች 35 በመቶ ያህል ያነሰ ነው።

እኔ ከዚህ ሁሉ የምወደው ግን ቀጥሎ የመጣውን ነው። ስኮት ተርነር የሚባል የሥነ ሕይወት ተመራማሪና ሩፐርት ሶር የሚባል መሐንዲስ ናሚቢያ ሄደው ኩይሳ ውስጥ ጂፕሰም (ጀሶ) እያፈሰሱ ውስጡን አጠኑት። ያገኙት ነገር አስቂኝ ነው። የምስጡ ጎጆ ሙቀት ከመሬቱ ሙቀት ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል፤ ኩይሳው እንደታሰበው ኤሲ አይደለም። ይልቁንስ ሳንባ ነው፣ የነፋሱ ግፊት እየገባና እየወጣ የታፈነውን አየር የሚቀይርበት። ስለዚህ ፒርስ ምስጧን በከፊል ተሳስቶ ነው ያነበባት። ሕንፃው ግን እስከ ዛሬ ይሠራል! ለምን ቢባል፣ ሰውዬው የኩይሳን ቅርጽ አልገለበጠም፤ ኢስትጌት ኩይሳ አይመስልም። ሐራሬ ቀን ስንት እንደሚሞቅ፣ ሌሊት ስንት እንደሚበርድ፣ ፀሐይዋ በየት እንደምትመጣ ጠየቀ።

አሁን አሁን «ተፈጥሮን የመሰለ ሕንፃ» ሲባል ግን የማየው ሌላ ነገር ነው። ድሮ አረንጓዴ ሕንፃ ማለት ጣሪያው ላይ ሶላር የሰቀለና ሰርተፍኬት የያዘ ነበር። ዛሬ ደግሞ አበባ የመሰለ፣ ቅጠል የመሰለ፣ በረንዳው ላይ ጫካ የበቀለበት ሬንደር (በኮምፒዩተር የተሠራ የሕንፃ ምስል) ይለጠፋል፤ ያን ሁሉ ዛፍ አሥራ አራተኛ ፎቅ ድረስ ማን ውኃ እንደሚያጠጣው አይነገረንም (በሳምንት ሁለት ቀን ውኃ በሚመጣበት ሰፈር!)። አበባ መምሰል አበባ የምታደርገውን ማድረግ አይደለም። መስታወቱ ያው መስታወት ነው።

«ታዲያ እኛ ምን አለን?» የሚል ካለ ጨንቻ ይውጣ። የዶርዜ ቤት በቀርከሃ ይሸመንና በእንሰት ቅጠል ይሸፈናል፣ አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር ይረዝማል። ለምን ይሄን ያህል? ምስጥ ከሥሩ ስለሚበላው ነዋ። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ያጥራል፣ ግን ለአሥርት ዓመታት ይኖሩበታል። ካስፈለገም ሰዎች ተሰብስበው ተሸክመውት ሌላ ቦታ ያሳርፉታል። ሐራሬ ላይ ምስጥ አስተማሪ ሆነች፤ ጨንቻ ላይ ደግሞ ቤቱን እንደምትበላው ታውቆ ድርሻዋ አስቀድሞ ተቆረጠላት። የቱ ይበልጣል ብትሉኝ ለሁለተኛው አደላለሁ።

ከተማችንም ውስጥ ቢሆን ሙከራ የለም አልልም። ልደታ ያለው የገበያ ማዕከል፣ የካታላኑ አርክቴክት ሻቪየር ቪላልታ ሥራ፣ በመስታወት ፋንታ ብርሃንና አየር በሚያስገቡ ቀዳዳዎች ተሸፍኗል፣ ንድፉም ከሀገር ልብስ ጥለት የተወሰደ ነው። ዙሪያውን ካሉት ጋር አስተያዩት። ግን አንድ ነው፣ ሁለት ነው። አከራዩም ተከራዩም «ዘመናዊ» የሚለው መስታወቱን ነው፤ መሐንዲሱ ሌላ ሐሳብ ቢያመጣ እንኳ ባለገንዘቡ ዱባይ ያየውን ፎቶ ከስልኩ ያወጣለታል። ዱባይ በረሃ ናት ወንድሜ፣ እነሱም ቢሆኑ ያን መስታወት በኤሲ ነው የሚችሉት።

አዲስ አበባ እኮ ዕድለኛ ከተማ ነበረች። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ፀሐይ፤ ሐራሬ ላይ በማራገቢያ የተሠራው ነገር እዚህ መስኮት በትክክለኛው ቦታ በመክፈትና ግድግዳውን በማወፈር ብቻ ግማሹ በተሠራ ነበር።

የኛ ሕንፃ ሲሠራ ያልፈረሰች አንዲት የጥበቃ ቤት ጓሮ አለች። የጭቃ ግድግዳ፣ ወፍራም፣ ቆርቆሮዋን የግራር ዛፍ ያጠላበታል። ባለፈው ኤሲው ሲበላሽ ላፕቶፔን ይዤ ወርጄ እዚያ ልሥራ ብል፣ ሦስት ባልደረቦቼ ቀድመውኝ ቡና እየጠጡ አገኘኋቸው። አንዷ የኛው የሕንፃ አስተዳዳሪ ናት።