ማስተካከያ፦ የባቡር ታሪፍ የመወሰን ሥልጣን የመጣው በ1906 ነው

ስለ አሜሪካ የባቡር ኩባንያዎች ባቀረብነው ጽሑፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1887 የወጣው የክፍላተ ግዛት ንግድ ሕግ ለተቆጣጣሪው ኮሚሽን ታሪፍ የመወሰን ሥልጣን ሰጥቷል ብለን ነበር። ስህተት ነው፤ አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን። ፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ የፈረሙት ሕግ ታሪፉ ምክንያታዊና ፍትሐዊ እንዲሆን አዘዘ፤ ለትልልቅ ደንበኞች በስውር ይመለስ የነበረውን ገንዘብም ከለከለ። ዋጋውን ማን ይቁረጥ የሚለውን ግን በግልጽ አልደነገገም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1897 ኮሚሽኑ ይህ ሥልጣን የለውም ሲል ወሰነ። አቤቱታ ሲቀርብለት የታሪፍ ጣሪያ ማስቀመጥ የቻለው በቴዎዶር ሩዝቬልት ዘመን፣ በ1906ቱ የሄፕበርን ሕግ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፦ እህሉን በአንድ ኩባንያ ባቡር ከመላክ ሌላ አማራጭ ያልነበረው ገበሬ፣ ይህ ሥልጣን በሕግ የተሰጠው አካል እስኪያገኝ 19 ዓመት ጠብቋል።